ዜሮው ከየት ይጀምራል?
በደጋ አገር ስለሚደረግ የእንፋሎት ፍሰት ስሌት የቀረበ ሂስ

በበየዳ ወይም በደባርቅ ባቄላ የቀቀለ ሰው፥ ውኃው እየተንተከተከ እህሉ ግን ቶሎ አልበስል እንደሚል ያውቃል። ጥፋቱ የእሳቱ አይደለም። ራስ ደጀን ከ4,500 ሜትር በላይ በሚቆምበት በስሜን አገር አየሩ ስስ ነው። ደባርቅ በ2,850 ሜትር ገደማ ላይ ስለ ሆነች፥ በባሕር ጠረፍ 1.013 ባር የሆነው የአየር ግፊት በዚያ ወደ 0.71 ባር ይወርዳል፤ ውኃውም በ90 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ግድም ይፈላል። ይህን ባለ ድስቷ የምታውቀውን ነገር የፋብሪካ ስሌት ሲዘነጋው እናያለን፤ ሂሳችንም በዚህ ላይ ነው።

በቧንቧ የሚያልፍ እንፋሎት ብዙ ጊዜ የሚለካው መካከሉ በተበሳ ሳህን ነው። በሳህኑ ፊትና ኋላ ያለው የግፊት ልዩነት በእንፋሎቱ እፍጋት ተባዝቶ ስኩዌር ሩቱ ሲወሰድ የፍሰቱ መጠን ይገኛል። እፍጋቱ ከሠንጠረዥ ይነበባል፤ ሠንጠረዡም የሚጠይቀው ከባዶ ጠፈር የሚቆጠረውን ፍጹም ግፊት ነው። ተራው የግፊት መለኪያ ግን ዜሮ የሚለው በዙሪያው ያለውን አየር ነው። ስለዚህ የቦታውን የአየር ግፊት መደመር ግድ ይሆናል። በባሕር ጠረፍ አገር የተጻፈው መመሪያ 1.013 ደምሩ ይላል፤ እኛም ሳንመረምር እንደምራለን።

ስሕተቱን በቁጥር እንመልከት። መለኪያው 0.5 ባር ቢያሳይ፥ በደባርቅ ከፍታ ፍጹሙ ግፊት 1.21 ባር ያህል ሲሆን በመመሪያው ግን 1.51 ይሆናል። ከዚህ የተነሣ ስሌቱ ፍሰቱን 11 ከመቶ ያህል አብዝቶ ያሳያል። በ1,540 ሜትር ገደማ ላይ ባለችው በወንጂ እንኳ ልዩነቱ ወደ 6 ከመቶ ይጠጋል። ነገሩ የሐሳብ ጨዋታ ብቻ እንዳይመስል፥ የቢራ ፋብሪካዎች ያሉባት ደብረ ብርሃን ከደባርቅ ጋራ የተቀራረበ ከፍታ እንዳላት እናስታውሳለን።

በ10 ባር ላይ ስሕተቱ 1.3 ከመቶ ብቻ ነው፤ ስለዚህ አያሳስብም የሚሉ አሉ። ቁጥሩ እውነት ነው። ነገር ግን ከማፍያው በከፍተኛ ግፊት የወጣው እንፋሎት ለማሞቂያና ለማትነኛ ሲደርስ ብዙ ጊዜ ግፊቱ እንዲቀንስ ይደረጋል፤ ስሕተቱም የሚያይለው በዚያው ሥራው በሚሠራበት ቦታ ነው።

ከሁሉ የሚከፋው ራስ ገዝ መቆጣጠሪያ ሲጨመርበት ነው። መቆጣጠሪያው የሚታዘዘው ለመለኪያው ነው፤ እውነተኛውን ፍሰት የሚያውቅበት ሌላ መንገድ የለውም። በሰዓት 1,000 ኪሎ እንፋሎት ስጥ ቢባል፥ 900 ያህል ሰጥቶ ትእዛዙን እንደ ፈጸመ ቆጥሮ ቫልቩን ያጸናል። ሥራው ሲጓተት ሠራተኛው ይወቀሳል፤ በመዝገብም ያልተቀበለው እንፋሎት እንደ ተቀበለ ይጻፍበታል።

መድኃኒቱ ውድ አይደለም። የቦታውን የአየር ግፊት በባሮሜትር ለክቶ ወደ ስሌቱ ማስገባት፥ ወይም ፍጹም ግፊት የሚያነብ መሣሪያ መትከል ይበቃል። በንጹሕ የጠገበ እንፋሎት ላይ ሙቀቱን ለክቶ እፍጋቱን ማግኘትም ይቻላል፤ ከመጠን በላይ በሞቀ እንፋሎት ላይ ግን ይህ ብቻውን ያሳስታል። እንፋሎቱ የውኃ ጠብታ ከያዘም ሠንጠረዡ የደረቀውን ብቻ እንደሚናገር መዘንጋት አይገባም።

የውጭውን መመሪያ መማራችን መልካም ነው። ነገር ግን ቁጥሩ የተጻፈበትን አገር ከፍታ ሳንጠይቅ መቅዳታችን ትምህርት ሊባል አይችልም ብለን እናምናለን።