አፍ ያልፈታው ልጅ በኅብረት ንባብ ውስጥ
በቅድመ መደበኛ የቋንቋ ትምህርት አሰጣጥ ላይ የቀረበ ሂሳዊ አስተያየት

አማርኛ የልጅን መናገር መጀመር «አፉን ፈታ» ብሎ ይገልጸዋል፤ ልጁ የሚናገርበትንም ቋንቋ «አፍ መፍቻ» ይለዋል። አገላለጹ ያማረ ነው። ነገር ግን አንድ የተሳሳተ ግምት አዝሏል፤ ይኸውም ንግግር በልጁ ውስጥ ተቋጥሮ የተቀመጠ ነገር እንደ ሆነና ጊዜው ሲደርስ ቋጠሮው በራሱ እንደሚፈታ ያስመስላል። በጎንደር ከተማም ሆነ በዳባት፣ በደባርቅና በጃናሞራ ደጋዎች የልጇ ንግግር የዘገየባት እናት ብዙ ጊዜ የምትሰማው ምክር «አይዞሽ፣ አባቱም እንዲያ ነበር» የሚል ነው። እርግጥ ነው፣ ዘግይተው ጀምረው ከእኩዮቻቸው የሚደርሱ ልጆች ብዙ ናቸው። ሆኖም የትኛው ልጅ እንደሚደርስ፣ የትኛውም እንደሚቀር አስቀድሞ በእርግጠኝነት መናገር አይቻልም። ስለዚህ ዝም ብሎ መጠበቅ እርዳታ የሚሻውን ልጅ እጅግ የሚጠቅሙትን ዓመታት ያሳጣዋል። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ትምህርት ቤታችን ይህን የመጠበቅ ልማድ እንዴት እንደሚያጸናው ማሳየት ነው።

1. የኅብረት ንባብ የሚሸፍነው

የጽሑፉ አቅራቢ ለሥራ በሄደበት አንድ የደጋ ትምህርት ቤት የኦ-ክፍል ሕፃናት መምህርቷ በዘንግ ስትጠቁም ፊደል ያነቡ ነበር። ድምፃቸው አንድ ላይ ሲሰማ ደስ ያሰኛል። በሁለተኛው ረድፍ የተቀመጠ አንድ ልጅ ከንፈሩን ከሌሎቹ ጋር ያንቀሳቅስ ነበር። ትምህርቱ እንዳበቃ ስሙን ብንጠይቀው አልመለሰም፤ እጃችንን ይዞ ወደ ጠመኔው ወሰደን። መምህርቷ «ጨዋ ልጅ ነው፣ አይረብሽም» አሉን። ልጁ ግማሽ ዓመት ሙሉ በክፍሉ ሲቀመጥ ለብቻው አንድ ቃል አለመናገሩን ልብ ያለ ሰው አልነበረም።

መምህርቷን መውቀስ ተገቢ አይደለም። በተጣበበ ክፍል ውስጥ 33ቱን ፊደላት ከነሰባት እርባታቸው ለማስያዝ በኅብረት ከማስነበብ የቀለለ መንገድ የላቸውም። ሆኖም ዘዴው ከየት እንደ መጣ ስንመረምር አንድ ነገር መጉደሉን እንረዳለን። በቀድሞው የቄስ ትምህርት ቤት ጉባኤው በአንድነት ቢጮኽም፣ እያንዳንዱ ሕፃን በተራው የኔታ ወይም ከእርሱ የላቀ ተማሪ ፊት ቀርቦ ፊደሉን እየጠቆመ ለብቻው ያነብ ነበር። ዘመናዊው ክፍል ጩኸቱን ወርሶ ተራውን ጣለው። ዝምታ እንደ ጨዋነት በሚቆጠርበት ኅብረተሰብ ደግሞ ተራ ያልደረሰው ልጅ ሳይታይ ያልፋል።

2. ድምፅን ያስቀደመው ዘዴ

ከአገር በቀል ጥረቶች መካከል በዚህ ረገድ ስሙ የሚነሳው አቡጊዳ ፎነቲክስ ነው። የዘዴው መሥራች ወይዘሮ ዘሚ የኑስ እ.ኤ.አ. በ2002 በአዲስ አበባ የጆይ ኦቲዝም ማዕከልን ከፍተው፣ እ.ኤ.አ. በ2021 እስካረፉ ድረስ፣ ከቤት እንዳይወጡ ተደርገው ይኖሩ ለነበሩ ልጆች ጠበቃ ሆነዋል። ዘዴው የአማርኛ ፊደልን ድምፆች መነሻ በማድረግ ልጁን ወደ ንግግርና ወደ ጽሕፈት ለመምራት ይጥራል። ፊደላችን እያንዳንዱ ምልክት በአንድ ትንፋሽ የሚባል ድምፅ ስለሚወክል ለዚህ ሥራ የተመቸ ነው፤ ይህን ማስተዋላቸው ታላቅ ብልኅነት ነው።

ይሁን እንጂ ዘዴውን ወደ ኦ-ክፍል ለማምጣት የሚያስብ ሰው ሁለት ነገሮችን መለየት ይገባዋል። «ረ»ን «ለ» እያለ የሚናገር ልጅ የድምፅ ችግር አለበት፤ ነገር ግን ይጠይቃል፣ ይመልሳል፣ ይጨቃጨቃል። እጃችንን ወደ ጠመኔው የወሰደው ልጅ የጎደለው ግን ከድምፅ ይቀድማል። ፈቃዱን ለሌላ ሰው መግለጽን ጀምሯል፤ የሚመልስለት ግን አላገኘም። እንዲህ ላለው ልጅ ፊደልን በድምፅ ማስጠናት ብቻውን የኅብረቱን ንባብ ለአንድ ሰው ማድረግ ይሆናል።

3. ተራን የሚያስተምር ቅርስ

ጎደለ ያልነው ነገር በአገሩ ሞልቷል። አንዱ «እንቆቅልሽ» ሲል ሌላው «ምን አውቅልህ» ይላል፤ መልሱ ሲጠፋ «አገር ስጠኝ» ይባላል፣ ተሸናፊውም ጎንደርን ይሰጣል። ተረት የሚያወራው «ተረት ተረት» ሲል ሰሚው «የላም በረት» ይላል። ድብብቆሽ የሚጫወቱ ሕፃናት «ኩኩሉ» ሲባሉ «አልነጋም» ይላሉ። በሁሉም ዘንድ ልጁ ተራው መቼ እንደሚደርስና ምን እንደሚመልስ አስቀድሞ ያውቃል። ላልተናገረ ሕፃን ደግሞ ቆሎ በእፍኝ ይዞ «ቆሎ» ማለት፣ ከዚያም ዓይኑን እያዩ ትንሽ መታገሥ ይበቃል። ቢያመለክትም፣ ቢያጉረመርምም እንደ ንግግር ተቆጥሮ መልስ ይሰጠዋል። ሳይጠይቅ ሁሉ የሚቀርብለት ልጅ የሚጠይቅበት ምክንያት የለውም።

ይህ ከምኞት የመጣ ሐሳብ አይደለም። የዓለም የጤና ድርጅት የዕድገት መዘግየት ላለባቸው ሕፃናት ቤተሰቦች ያዘጋጀው ሥልጠና ጨዋታንና የዕለት ተዕለት የቤት ሥራን መነሻ የሚያደርግ ሲሆን፣ በአገራችንም በአዲስ አበባና በቡታጅራ ተሞክሯል። ልዩ ባለሙያ በማይገኝበት ወረዳ እናት፣ አያትና መምህርት ዋነኞቹ ረዳቶች ናቸው።

4. መደረግ ያለበት

እ.ኤ.አ. በ2010 የወጣው የሕፃናት እንክብካቤና ትምህርት የፖሊሲ ማዕቀፍ ከአራት ምሰሶዎቹ መካከል የወላጆችን ትምህርትና ከጽንስ ጀምሮ የሚሰጥ ክትትልን ያካትታል። በተግባር በፍጥነት የተስፋፋው ግን ኦ-ክፍል ነው። በስድስት ዓመቱ ኦ-ክፍል የገባ ልጅ ብዙ ጊዜ አምልጦታል። ስለዚህ የመምህራን ኮሌጆች ለሠልጣኞቻቸው፣ በእነርሱም አማካይነት ለወላጆች፣ ጥቂት ምልክቶችን ማስተማር አለባቸው። በዓመቱ ገደማ በእጁ የማያመለክት፣ በ18 ወሩ አንድም ቃል የማይል፣ በሁለት ዓመቱ ሁለት ቃላት የማያጋጥም፣ በማናቸውም ዕድሜ የነበረውን ንግግር ያጣ ልጅ «ቆይ» ሊባል አይገባም።

ከሁሉ አስቀድሞ ጆሮው ይመርመር፤ የሚመግል ጆሮ መስማትን፣ መስማትም ንግግርን ይጎዳል። አዮዲን በሚያንሰው የደጋ አገር ነፍሰ ጡር እናት አዮዲን ያለው ጨው ማግኘቷ የልጁ አእምሮና አንደበት ጉዳይ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ2011 የወጣው የጨው ደንብ የትምህርት ባለሙያውንም ይመለከተዋል። ወደ ቤት ለሚደረገው እርዳታም የጎንደር ዩኒቨርሲቲ ማኅበረሰብ አቀፍ ተሐድሶ ፕሮግራም ያካበተው ልምድ ለኮሌጆቻችን ትምህርት ይሆናል።

በክፍል ውስጥ ደግሞ የሚጠየቀው ለውጥ ትንሽ ነው። የኅብረቱ ንባብ ይቀጥል፤ ነገር ግን በየዕለቱ ለአምስት ልጆች፣ ለእያንዳንዳቸው ለየብቻ፣ ተራ ይሰጥ። መምህርቷም ማን እንደ ተናገረ፣ ማን እንዳመለከተ፣ ማን ዝም እንዳለ በመዝገብ ይያዙ። አርባ ሕፃናት ባሉበት ክፍል ይህ በስምንት የትምህርት ቀናት ሁሉንም ያዳርሳል። ግማሽ ዓመት የተሸሸገው ዝምታ ሁለት ሳምንት ሳይሞላ ይታወቅ ነበር ማለት ነው።