ጓሮን በሚያዝያ መለካት

መስከረም ለባለጓሮ ክፉ አማካሪ ነው። ክረምቱ ወጥቶ ሳሩ ጉልበት ሲደርስ፣ ሮቶው ሞልቶ ሲፈስ፣ ሰው ያለው ሁሉ ለሁሉ የሚበቃ ይመስለዋል። በእኛ ቤት የዓመቱ ሐሳብ የሚፈልቀው በዚህ ወር ነው። ባለቤቴ ሁለተኛ ላም ይጨመር ይላል፤ ትልቋ ልጄ ሃምሳ ዶሮ ይገዛልኝ ትላለች፤ ታናሽ ወንድሟ አቮካዶ እንትከል ይላል፤ አማቴ ደግሞ በግ የሌለበት ግቢ ግቢ አይመስላቸውም። እኔም ከእነሱ አላንስም፤ ዓመቱን ሙሉ ቲማቲም ከገበያ የማልገዛበት ጊዜ ይታየኛል።

የምንኖረው ደብረ ብርሃን ዳር፣ ከባለቤቴ ወላጆች በቆየ ይዞታ ላይ ነው። እሱም እኔም የመንግሥት ሠራተኞች ነን። ግቢው ለመኖሪያ ሰፊ፣ ለእርሻ ጠባብ ነው። እንዲህ ባለ ቦታ ላይ ቤተሰብ ሁሉ የየራሱን ምኞት ይዞ ሲመጣ ማን ያሸንፍ? አንዳንድ ቤት ጮክ ብሎ የተናገረ ያሸንፋል፤ አንዳንድ ቤት ገንዘቡን የያዘ። እኛ ሐሳቡን በመስከረም እንሰማለን እንጂ በመስከረም አንወስንም። ላምም ይሁን ዶሮ፣ ችግኝም ይሁን ቀፎ፣ ጥያቄው ያው ነው፦ ይህ ነገር ሚያዝያ ላይ ምን ይበላል፣ ምን ይጠጣል፣ ማንስ ያየዋል?

ከውሃው ልጀምር። አንድ ሚሊ ሜትር ዝናብ አንድ ካሬ ሜትር ቆርቆሮ ላይ ሲወርድ አንድ ሊትር ውሃ ነው። በደብረ ብርሃን በዓመት ወደ 900 ሚሊ ሜትር ገደማ ይዘንባል። 70 ካሬ ሜትር ጣሪያ ካለ እንግዲህ በዓመት ከ60 ሺህ ሊትር በላይ ይወርድበታል ማለት ነው። ይህን ቁጥር የሰማ ሁሉ ዓይኑ ይበራል። ነገር ግን አብዛኛው የሚወርደው በሐምሌና በነሐሴ ነው፤ በነዚያ ወራት ደግሞ ጓሮው ጠግቦ ጭቃ ሆኗል። የእኛ ሮቶ የሚይዘው 5 ሺህ ሊትር ነው። የአትክልት መደብ በበጋ ለአንድ ካሬ ሜትር በቀን ከ4 እስከ 5 ሊትር ይጠጣል። እኔ የምመኘውን 40 ካሬ ሜትር ብተክል በቀን 200 ሊትር ያስፈልገኛል፤ ሙሉው ሮቶ በ25 ቀን አለቀ። ዝናቡ በመስከረም መጨረሻ ቢቆም ጥቅምት ሳይወጣ ባዶ ነው፤ ክረምቱ እስኪመለስ ስምንት ወር ይቀራል። በልግ ለመጣሉ ዋስ የሚሆን የለም። ላሟ ደግሞ በቀን 50 ሊትርና ከዚያም በላይ ትጠጣለች፤ የምትታለብ ላም ውሃ ከጎደለባት ማታውኑ በወተቷ ትነግራችኋለች። ስለ ቧንቧው አላወራም፤ የሚመጣበትን ቀን የሚያውቅ እሱ ብቻ ነው።

ስለዚህ በበጋ ያለኝ አትክልት ከኩሽናው በር ሥር ያሉት ሁለት መደቦች ብቻ ናቸው። በድምሩ 10 ካሬ ሜትር ቢሆኑ ነው። ጎመንና ቆስጣ ይዘዋል። የሚጠጡት የእህልና የአትክልት እጣቢ፣ እንዲሁም ልብስ መጨረሻ የታለቀለቀበት ውሃ ነው። ቲማቲሙ ሌላ ጠላት አለው፤ ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ በአንድ ሌሊት ውርጭ ቅጠሉ ተቀቅሎ ያድራል። ከኩሽናው ግድግዳ ጥግ፣ ቀን የሰበሰበው ሙቀት ሌሊት በሚወጣበት በኩል የተከልናቸው ጥቂት እግሮች ብቻ ያልፋሉ፤ እነሱም ማታ ማታ ጆንያ ይለብሳሉ። ድንችና ነጭ ሽንኩርት ግን በዝናብ ስለሚያድጉ ከሮቶው ጋር ጠብ የላቸውም፤ ሰፊውን ቦታ የያዙትም ለዚህ ነው።

የድርቆሹም ነገር ከውሃው አይለይም። 400 ኪሎ የምትመዝን ዲቃላ ላም በቀን ከ10 ኪሎ ያላነሰ ደረቅ መኖ ትፈልጋለች፤ በዓመት 40 ኩንታል ገደማ መሆኑ ነው። ለሰጠችው ለያንዳንዱ ሊትር ወተት ደግሞ ግማሽ ኪሎ ያህል ፉርሽካና ፋጉሎ ይጨመርላታል። ድርቆሽ ሳሩ በሚታጨድበት በጥቅምትና በኅዳር ይረክሳል፤ ሚያዝያ ላይ ዋጋውን የሚጠይቅ ሰው ደፋር ነው። «ታዲያ በኅዳር የዓመቱን መግዛት ነው» ይላል ባለቤቴ። ልክ ነው፤ ግን የት ይቀመጣል? ዝናብ የማያገኘው፣ ከመሬት ከፍ ያለ፣ አይጥ የማይወርሰው ቦታ ያለን ለአንዲት ላምና ለጥጃዋ ብቻ ነው። ድርቆሽ ስገዛ እጄን እስከ ክንዴ ወደ እስሩ ውስጥ አስገባለሁ፤ መሃሉ ለብ ካለ ሳይደርቅ የታሰረ ነው፣ ሁለት ሳምንት ሳይሞላው ይሻግታል። ከላይ ቢጫ ሆኖ ውስጡ አረንጓዴ ያለበትና ቅጠሉ ያልረገፈውን እመርጣለሁ። ሽታው ደስ የማይል ድርቆሽ ለላሟም ደስ አይላትም።

ወደ ላሟ ከመጣሁ አይቀር ስለ ጾም ልናገር። ከብት ስለ ማርባት የሚጻፉ መመሪያዎች ይህን ነገር በአንድ መስመር ያልፉታል፤ ለእኛ ግን ዋናው ነገር ነው። ዐቢይ ጾም 55 ቀን ነው። በእነዚያ ቀናት አብዛኛው ደንበኛ ወተት አይወስድም፤ ዋጋውም ይወርዳል። ከብቱ ግን ይበላል፤ ያውም ድርቆሽ በተወደደበት ወቅት። ያለው አማራጭ እርጎውን ንጦ ቅቤውን ለፋሲካ ማቆየት ነው። ቅቤ በፋሲካ ዋጋ ያወጣል፤ ግን ከሥራ መልስ ማታ ቅል ይዞ የሚንጠው ማን እንደሆነ ወንዶቹ አይጠይቁም።

እኛ የመረጥነው ሌላ መንገድ ነው፤ የላሟን ዕረፍት ከሰው ጾም ጋር ማገናኘት። ላም ከመውለዷ ሁለት ወር በፊት ወተቷ መንጠፍ አለበት። በሐምሌ መጨረሻ የተዳቀለች ላም ዘጠኝ ወር ከምናምን ቀን ቆጥራ ሚያዝያ መጨረሻ ላይ ትወልዳለች። እንግዲህ የምትነጥፈው ከየካቲት መጨረሻ ጀምሮ ነው፤ ወተት በማይሸጥበት፣ መኖ በተወደደበት ጊዜ ፉርሽካውም ይቀንስላታል። ስትወልድ ፋሲካ አልፏል፣ ገበያው ተከፍቷል፣ ሣሩም ሊመጣ ነው። ይህ እንዲሆን በሐምሌ ዓይን ከላሟ አይነሣም። ጠዋት ስትጮህና በሌላ ከብት ላይ ስትወጣ ካየን ከሰዓት በኋላ አዳቃዩ መድረስ አለበት፤ አንዱን ጊዜ ካሳለፍን ሦስት ሳምንት እንጠብቃለን። እውነቱን ለመናገር በየዓመቱ አይሳካም፤ ዲቃላ ላም በዓመት በዓመት እንድትወልድ ማድረግ ከባድ ነው፣ ቀኑ እየተገፋ ይሄዳል። ቢሆንም ምን እንደምንፈልግ ስለምናውቅ፣ ሲገፋ ምን ያህል እንደሚያስከፍለን አስቀድመን እናውቃለን።

ባለቤቴ ባዮጋዝም ይመኛል። ምኞቱን አልጠላሁትም፤ እኔም ጭስ ሰልችቶኛል። ስናሰላው 6 ሜትር ኩብ የሚይዝ ማብላያ የአራት ከብት ያህል እበት ይፈልጋል፤ ከእበቱ ጋር እኩል ውሃም ይፈልጋል። እኛ ያሉን አንዲት ላምና አንዲት ጊደር ናቸው፤ ውሃውንም ተናግሬአለሁ። የደብረ ብርሃን ብርድ ደግሞ የጋዙን መመረት ያዘገየዋል። ከዚያ ወደ ኮምፖስት ዞረ፤ እዚህ ላይ አማቴ ገቡ። የግቢው እበት በእሳቸው እጅ ኩበት ሆኖ፣ በአጥሩ ሥር ደርቆ፣ እንጀራ የሚጋገርበት ነው።

«ልጄ፣ አፈሩስ ይቆይ፤ እንጀራው በምን ይጋገር?» አሉት።

«እማዬ፣ አፈሩ ከሞተ እኮ የሚጋገርም አይኖርም።»

«እሱ የከርሞ ነገር ነው። እኔ የቅዳሜውን ነው የምጠይቅህ።»

ሁለቱም ትክክል ናቸው። የደጋው ገበሬ ሁሉ ከዚህ ሙግት ጋር ነው የሚኖረው። እኛ ዘንድ የበጋው እበት ለኩበት፣ ኩበት የማይደርቅበት የክረምቱ ደግሞ ከገለባና ከመኖ ትራፊ ጋር ለጉድጓዱ ሆነ። አፈሩ የሚያገኘው ከሚገባው ያነሰ ነው። ግን ለእንጀራ ማገዶ የሚገዛበት ገንዘብ ከላሟ መኖ ላይ የሚነሣ ስለሆነ ከዚህ የተሻለ አላገኘንም።

የዶሮው ነገር አጭር ነው። አንዲት እንቁላል ጣይ በቀን ወደ 120 ግራም ትበላለች፤ ሃምሳ ሲሆኑ በቀን 6 ኪሎ፣ በወር ወደ ሁለት ኩንታል የሚጠጋ መኖ ነው። አሥር ከሆኑ ግማሹን የኩሽናው ትራፊ ይሸፍነዋል። ሌሊቱ ስለሚበርድና መብራት ስለማያስተማምን የ45 ቀን፣ የፈንግል ክትባት የወሰዱ እንገዛለን እንጂ ጫጩት አናሞቅም። ልጄ ግን የ12ኛ ክፍል ተፈታኝ ናት። የሃምሳ ዶሮ ዕቅድ ባለቤት ዶሮዎቹ ሳያረጁ ከቤት ትወጣለች፤ ይህን ስነግራት ሳቀችና «እንግዲህ አሥር ይሁኑ» አለች።

ውሃ በሮቶ፣ ድርቆሽ በጣሪያ ሥር፣ ወተት በቅቤ ይቀመጣል። የማይቀመጠው የሰው እጅ ነው። ላም ከሌሊቱ 11 ሰዓትና ማታ ትታለባለች፤ የበዓል፣ የሕመም፣ የለቅሶ ቀን አታውቅም። ስለዚህ ሁለተኛ ላም በተነሣ ቁጥር እኔ የምጠይቀው ዋጋዋን አይደለም። አንኮበር ካለው ዘመድ ዘንድ መርዶ ቢመጣና አማቴን ይዘን ሁላችንም ብንሄድ፣ ማን ያልባል? አገራችን ላይ ለቅሶ የቀረ ሰው «ላሜን የሚያልብልኝ አጥቼ ነው» ቢል የሚረዳው የለም፤ ቢረዳውም ይቀየመዋል። ሰርጉ አለ፣ የእድሩ ተራ አለ፣ የታመመ መጠየቅ አለ። ከዚህ የሚያስቀር ከብት ምንም ያህል ቢታለብ ቤቱን ከሰው ይነጥላል።

እኛ ያገኘነው መፍትሔ ጎረቤታችን ናት። እሷም አንዲት ላም አለቻት። እጅ ያልለመደች ላም ወተቷን ትይዛለች፤ ስለዚህ ደህና በሆንን ጊዜም ቢሆን አልፎ አልፎ እኔ የእሷን፣ እሷ የእኔን ታልባለች፤ ላሞቹ የሁለታችንንም እጅና ድምፅ እንዲለምዱ ነው። ከዚህ የተነሣ የግቢያችን ልክ ተወሰነ፦ አንዲት ጎረቤት ማታ ተጠርታ፣ ከራሷ ሥራ ጋር ደርባ ልትይዘው የምትችለውን ያህል። አንዲት የምትታለብ ላምና አሥር ዶሮ ይችላል። ሁለተኛ ላም ሲጨመር ውለታው ሸክም ይሆናል። ጊደሯ ለመውለድ ስትደርስ አንዷ ትሸጣለች፤ ባለቤቴ ይህን የተቀበለው እያጉረመረመ ነው።

በ2015 ዓ.ም. የተጀመረው የሌማት ትሩፋት መርሐ ግብር ወተቱን፣ እንቁላሉን፣ ማሩን ሁሉ በየቤቱ ማየት ይፈልጋል። እንደ አገር የሚደገፍ ሐሳብ ነው። እንደ አንድ ግቢ ግን ሁሉንም ልያዝ ያለ ሁሉንም በግማሽ ይይዛል። ቀፎውን ለምሳሌ እኛ ትተነዋል፤ ማር ሲቆረጥ የተቆጣ ንብ የታሰረች ላም ካለችበት ጠባብ ግቢ ጋር አይሆንም። በጉም ለፋሲካ ሲቀርብ ተገዝቶ ለጥቂት ሳምንት ይታሰራል፤ አማቴ በዚያው ይጽናናሉ።

ደግሞ ሲቆጥር ኖሮ ምንም የማይተክል ሰው አለ፤ እሱንም አልወደውም። ስለዚህ በየዓመቱ ሂሳቡ የማይደግፈው አንድ ነገር እንይዛለን፤ ብቻ ቢከሽፍ ከላሟ ውሃና ከልጆቹ ጊዜ የማይነካ ትንሽ ነገር መሆን አለበት። ታናሹ ልጄ አቮካዶውን ውርጭ እንደሚገድለው ሲሰማ አኮረፈ። ፖም ግን ብርድ የሚፈልግ ፍሬ ነው፤ የጋሞው ጨንቻ በፖም የታወቀውም ደጋ ስለሆነ ነው። ሁለት የተዳቀሉ ችግኞች ገዝተን ሰጠነው፤ ያንዳንዱ ድርሻ በሳምንት አንድ ጀሪካን ውሃ ነው፣ የሚያጠጣውም እሱ ነው። ያፈሩ አያፈሩ ገና አልታወቀም።

ላም ለመግዛት ያሰባችሁ ካላችሁ አንድ ነገር ልለምናችሁ። ሚያዝያ ላይ ከብት ካለው ሰው ቤት ሂዱ። የድርቆሹን ዋጋ ጠይቁ፣ ሮቶውን አንኳኩ፣ ከሌሊቱ 11 ሰዓት የሚነሣው ማን እንደሆነ እዩ፤ ከዚያ ወደ ቤታችሁ ተመልሳችሁ ከግዢው በፊት ጎረቤታችሁን አነጋግሩ።