የገዋኔ ቤትና ጓሮው፤ ስለ አሮጌ ቤት እድሳት የቀረበ ሒስ

በአሁኑ ጊዜ አሮጌ የቤተሰብ ቤት ሲታደስ ከባለቤቱም ከሠሪውም አፍ የማይጠፋ አንድ አነጋገር አለ፤ ይኸውም «ቤቱን ከአትክልቱ ጋር ማገናኘት» የሚለው ነው። የሐሳቡን መልካምነት አንክድም። ነገር ግን ወደ ሥራ ሲተረጐም ብዙውን ጊዜ ግድግዳ አፍርሶ በመስተዋት መተካት ብቻ ሆኖ ይቀራል። ይህ ዘዴ ከአገሩ አየርና ከቤቱ ኑሮ ጋር መስማማቱ ሳይመረመር ሲሠራበት ምን እንደሚያስከትል ገዋኔ ባለው በአክስቴ ቤት ስላየሁ፣ ነገሬን ከዚያው እጀምራለሁ።

ገዋኔ በአዋሽ ሸለቆ፣ በአየሉ ተራራ አቅራቢያ፣ ከባሕር ወለል 600 ሜትር ያህል ብቻ ከፍ ብላ የምትገኝ የቆላ ከተማ ናት። የአክስቴ ቤት እንደ ብዙዎቹ የመንገድ ዳር ቤቶች ፊቱን ወደ መኪናው መንገድ ያዞረ፣ ግድግዳው ጭቃ፣ ክዳኑ ቆርቆሮ ነው። ከኋላው አንድ ትልቅ የኒም ዛፍ ያለበት ጓሮ አለ፤ ከጓዳው በር እስከ ዛፉ ድረስም በእንጨትና በሰሌን የተሠራ ዳስ ነበረ። ቡና የሚፈላው፣ በርበሬ የሚቀነጠሰው፣ ልጅ የሚታጠበው፣ በቀትር ጊዜም ጋደም የሚባለው ከዚህ ዳስ ሥር ነበር።

አዳሾቹ ዳሱን እንደ ጕድፍ ቈጥረው አነሡት። የሳሎኑን የምዕራብ ግድግዳ አፍርሰው ሰፊ መስተዋት አቆሙ፤ የጓሮውንም መሬት ሲሚንቶ አለበሱት። ከሳሎን ወንበር ላይ ሆኖ ለሚያይ ኒሙ በእርግጥ እንደ ሥዕል ያምራል። ይሁን እንጂ መስተዋት የፀሐይን ብርሃን አሳልፎ፣ ከውስጥ የጋለው ዕቃና ወለል የሚመልሰውን ሙቀት ይይዛል፤ ሲሚንቶውም ቀን የጠጣውን ትኵሳት ማታ ይተፋል። ስለዚህ አክስቴ በወሩ ከባድ መጋረጃ ሰቀሉበት። አትክልት ለማየት የተከፈተው ግድግዳ በጨርቅ ተዘጋ ማለት ነው። ቡናውም ወደ ውስጥ ገባ። «ልጄ፣ ቤቱስ አማረ፤ መቀመጫ ግን አጣሁ» አሉኝ።

እንግዲህ ስሕተቱ ምን ላይ ነው? በእኛ አስተያየት፣ አዳሾቹ ቤቱና ጓሮው ተለያይተው የኖሩ መስሏቸዋል። በእውነቱ ግን የሚያገናኛቸው ነገር አስቀድሞ ነበረ፤ ያፈረሱት እርሱኑ ነው። መስተዋቱ ዓይንን ብቻ ያወጣል፤ ዳሱ ሰውን ከነሥራው ያወጣ ነበር። በተለይም ጓሮው የሴቶች የሥራ ቦታ ስለሆነ፣ ዳሱ ሲነሣ የተጎዳው በሳሎኑ የሚቀመጠው እንግዳ ሳይሆን የቤቱ ባለቤት ራሷ ናት። (በሚያድሰው ቤት ቡና የሚፈላው የት እንደሆነ አስቀድሞ የጠየቀ ሠሪ እስካሁን አልገጠመኝም።)

ለዚህ ማስረጃ ከሩቅ መፈለግ አያሻም። አርብቶ አደሩ አፋር የሚኖርበት ዳቦይታ ከጎበጡ እንጨቶች ተዋቅሮ ከዘንባባ በተሠራ ሰሌን የሚሸፈን፣ ሴቶች የሚሠሩትና የሚተክሉት፣ ሲፈለግም ተነቅሎ በግመል የሚጫን ቤት ነው። ሰሌኑ በነፋሱ በኩል ሲገለጥ ግድግዳው ራሱ በር ይሆናል፤ ሲወርድ ጥላ ይሆናል። በአዲስ አበባም በምኒልክ ዘመን ከተሠሩት የመኳንንት ቤቶች ብዙዎቹ ሰፊ የእንጨት በረንዳ ነበራቸው። ግብፃዊው የሕንፃ ሊቅ ሐሰን ፈትሒ እ.ኤ.አ. በ1986 በታተመ መጽሐፉ ስለ «ተኽታቡሽ» ይገልጻል፤ ይህም ጥላ ባለው ግቢና በኋላው ገላጣ አትክልት መካከል ያለ ክዳን ያለው መቀመጫ ነው። የገላጣው አየር ግሎ ወደ ላይ ሲወጣ የጥላውን ቀዝቃዛ አየር በመቀመጫው በኩል ይስባል። የአክስቴ ዳስም ከጓዳው ጥላና ከገላጣው ጓሮ መካከል ስለ ነበር፣ ይህንኑ ሥራ በጥቂቱ ይሠራ እንደ ነበር እንገምታለን። በአንጻሩ ሚስ ቫን ደር ሮህ በኢሊኖይ የሠራውንና እ.ኤ.አ. በ1951 ያለቀውን ዝነኛ የመስተዋት ቤት፣ ባለቤቲቱ ዶክተር ኢዲት ፋርንስዎርዝ ራሷ አምርራ ነቅፋዋለች።

ስለ አትክልቱም አንድ ቃል እንጨምር። አዳሾቹ በአጥሩ ዳር የበቀለውን ፕሮሶፒስ «አረንጓዴ ነው» ብለው ተዉት። ይህ እሾኻም ዛፍ እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹና በ1980ዎቹ ከውጭ ገብቶ በመካከለኛው አዋሽ የግጦሹን መሬት የወረረ፣ አፋሮች «ደርጊ ሀራ» የሚሉት ነው። ከብት ፍሬውን በልቶ ዘሩን በየሄደበት ይጥለዋል። አረንጓዴ ሁሉ አትክልት አይደለም።

ዳሱ እንከን አልነበረበትም አንልም። ሰሌኑ ይበሰብሳል፣ ምስጥ እንጨቱን ይበላል፣ አቧራም ይገባል። የተሻለ እንጨትና የድንጋይ መሠረት ተሰጥቶት ቢታደስ ግን ወጪው ከመስተዋቱ ባነሰ ነበር።

በቅርቡ ስሄድ አክስቴ መጋረጃውን አውርደው፣ ከመስተዋቱ ውጭ አራት ክንድ ያህል ራቅ አድርገው እንጨት አስተክለው አገኘኋቸው። ሰሌኑን የሸጡላቸው አፋር እናት ከገበያ አብረዋቸው መጥተው ነበር፤ ገንዘቡን ከመቀበላቸው በፊት የጠየቁት ነፋሱ ከየት በኩል እንደሚመጣ ነበር አሉኝ።