ቴክኒክ ነገር

በቀደም ዕለት ዕድራችን ድንኳን ውስጥ አንድ ወዳጄ ልጆቹ የት እንደደረሱ ተጠየቀ። «ትልቁ ባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ ነው፤ ሲቪል ኢንጂነሪንግ፣ አራተኛ ዓመት» አለ ድምፁን ከፍ አድርጎ። «ትንሿስ?» ሲሉት ሻዩን ፉት አለና «እሷ እንኳ… ቴክኒክ ነገር ገብታለች» ብሎ ወሬውን ወደ ሲሚንቶ ዋጋ ወሰደው።

ሥነ ጽሑፍ ሳስተምር የኖርኩ ሰው ነኝና ይቺ «ነገር» የምትባል ቃል አብራኝ ቤት ገባች። «ዩኒቨርሲቲ ነገር ገባ» የሚል አባት ሰምታችሁ ታውቃላችሁ? «አመም ነገር አድርጎት»፣ «ሱቅ ነገር ከፍቶ» እንላለን፤ ሙሉ ስሙን ልንጠራው ያልደፈርነውን ነገር ስናድበሰብስ።

የሚገርመው «ሙያ» የሚለው ቃል ራሱ የተከበረ መሆኑ ነው። ወጥ የሚጥምላት ሴት ባለሙያ ትባላለች። በየመሥሪያ ቤቱ «ከፍተኛ ባለሙያ» የሚል የሥራ መደብ አለ፤ የያዘውም ሰው ደረቱን ነፍቶ ይሄዳል። ይኸው ሰው ልጁ ሙያ ልማር ስትለው አንገቱን ይደፋል።

ንቀቱ የቆየ ነው። አፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ሠራተኛን በሥራው መስደብ የሚከለክል ዐዋጅ ያወጡት ስድቡ ሞልቶ ስለነበረ ነው። ያን ጊዜ ከብረት ቀጥቃጩና ከሸማኔው ጋር ጸሐፊውም አብሮ ይሰደብ ነበር። ጸሐፊው ዛሬ ወንበር አግኝቶ አምልጧል፤ ቀጥቃጩ እዚያው ቀረ።

መንግሥትም ከስድቡ ነጻ አይደለም። ከ1990ዎቹ ጀምሮ እስከ 2011 ዓ.ም. ድረስ የ10ኛ ክፍል ፈተና ወንፊት ሆኖ ነበር፤ ነጥብ የመጣለት ወደ መሰናዶ፣ የቀረው ወደ ቴክኒክና ሙያ። ትምህርት ቤትን የወደቁ ልጆች ማራገፊያ አድርገህ ስታበቃ ወላጅን «ለምን ትንቃለህ?» ማለት አይቻልም። የ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተና ውጤት ሲነገር ደግሞ ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ሆኑ። ለቀሩት ወላጆች ቴክኒክ ዳግመኛ የመጨረሻው በር ሆኖ ታያቸው።

ወዳጄ የኮራበት ዩኒቨርሲቲ ታሪክስ? ባሕር ዳር ላይ በ1955 ዓ.ም. በሶቪየት ኅብረት ርዳታ የተከፈተው ፖሊ ቴክኒክ ኢንስቲትዩት የእንጨት፣ የብረታ ብረት፣ የኤሌክትሪክ፣ የጨርቃ ጨርቅ ቴክኒሻን ሊያወጣ የቆመ ቤት ነበር። በ1992 ዓ.ም. ከመምህራን ኮሌጁ ጋር ተዋህዶ ዩኒቨርሲቲ ተባለ። የትልቁ ልጅ ምህንድስና ሥሩ ቴክኒክ ነገር ነው ማለት ነው።

እዚህ ላይ ራሴንም ላጋልጥ። በ2003 ዓ.ም. የእህቴ ልጅ የ10ኛ ክፍል ነጥብ መጣላት። እሷ ግን ልብስ ስፌት ልማር አለች። እናቷ አለቀሰች፤ እኔ ተጠራሁ። «ዲግሪሽን ያዢ፣ ስፌቱ የትም አይሄድም» አልኳት፤ አንደበት መቼ ይጎድለኛል! ማኔጅመንት ተማረች፣ ተመረቀች፣ ሁለት ዓመት ሙሉ የሥራ ማስታወቂያ ሰሌዳ ስር ቆመች። አሁን አንድ ስፌት ቤት ተቀጥራ ትሠራለች። መቀስ አያያዝ ያስተማራት የስፌት ቤቱ ባለቤት የ10ኛ ክፍል ጓደኛዋ ነው፤ ነጥብ ያልመጣለት። ባለፈው ፋሲካ ይቅርታ ነገር ልጠይቃት (ይኸው እኔም «ነገር» አልኩ) ስጀምር «ተወው ጋሼ፣ ዲግሪውን እማዬ ሳሎን ሰቅላዋለች፣ እሷን ጠቅሟታል» አለችኝ።

ይህን ስል ልጆቻችሁን ሁሉ ወደ ቴክኒክ ንዱ ማለቴ አይደለም። ማሽኑ በላስቲክ ተሸፍኖ ቶርኖን በጥቁር ሰሌዳ ላይ በሥዕል የሚማሩ ሠልጣኞች አይቻለሁ። እንዲያ ተምረው ሲኦሲ ሲወድቁ ጥፋቱ የእነሱ ይሆናል። የእናትየውም ስሌት ቢሆን ሞኝነት አልነበረም፤ በመንግሥት ቤት የዕድገት ደረጃው የሚቆጠረው በዲግሪ ነው። እጁ የተካነ ሰው ወረቀት በያዘ ጀማሪ ሲታለፍ እያየች ልጇን እዚያ ሰልፍ ላይ ማቆም አልፈለገችም። ያቺ እናት ሐሳቧን እንድትለውጥ ከተፈለገ የደመወዝ ስኬሉ ቀድሞ ይለወጥ። ምክር እንደሆነ ከእኔ ከበቂ በላይ አግኝታለች።

ወደ ድንኳኑ ልመለስ። በዚያ ጠረጴዛ ዙሪያ ስድስት ሰዎች ነበርን። ስለ ትልቁ ልጅ ምረቃ፣ ስለ ዶርሙ፣ ስለ ባሕር ዳር ሙቀት ሳይቀር ጠየቅን። ትንሿ ምን እየተማረች እንደሆነ ግን አንዳችንም አልጠየቅንም። እኔም ጭምር።