የ64 ሊትር ባሕር

የመስታወት ገንዳ የእጅ ጥራት የሚታወቀው ከማዕዘኑ ነው። ሁለት መስታወት የሚጋጠምበትን ጥቁር የሲሊከን መስመር ከላይ እስከ ታች በዓይን መከተል ይበቃል። ያልሠለጠነ እጅ የሳበው መስመር አንዴ ይወፍራል፣ አንዴ ይቀጥናል፤ መሐሉ ላይ የአየር አረፋ ይቋጥራል፣ አረፋ ያለበት ቦታ ደግሞ ውሃ ውሎ አድሮ መውጫ የሚፈልግበት ነው። አሁን የማወራለት ገንዳ መስመር በአራቱም ማዕዘን አንድ ሚሊ ሜትር ገደማ ነው። አረፋ የለበትም፤ ዳሩም የትም ላይ አልተንሻፈፈም። አሠራሩ እንዲህ ነው፦ ከመጋጠሚያው ግራና ቀኝ ቀለም ቀቢዎች የሚጠቀሙበት የወረቀት ፕላስተር ይለጠፋል፤ ሲሊከኑ እጅ ሳይቆም በአንድ ጉዞ ይሳባል፤ በጣት ይዳበሳል፤ ቆዳ ሳያበጅ ፕላስተሩ ይነሳል። ያለው ጊዜ ደቂቃዎች ብቻ ስለሆነ ማመንታት አይቻልም። ከዚያ ወዲያ የቀረው መጠበቅ ነው፤ ቤቱ ኮምጣጤ ኮምጣጤ እየሸተተ ሲሊከኑ ለቀናት ይደርቃል።

ሠሪው በርሊን ውስጥ ከእኔ በላይ ያለው ፎቅ ላይ የሚኖሩ ጡረተኛ ናቸው። በሥራ ዘመናቸው ሰው ሠራሽ ጥርስ ይሠሩ ነበር። ሐኪሙ የላከላቸውን የአፍ ቅርጽ ይዘው፣ ባለቤቱን ሳያዩት፣ አፉ ውስጥ ሲገባ እንግዳ የማይሆን ጥርስ ያወጡለታል። ይህ ሙያ ሁለት ነገር የሚያስለምድ ይመስለኛል፤ ከሚሊ ሜትር በታች ማየትን፣ እና የሠሩት ነገር ሳይታወቅ ሲቀር መደሰትን። ገንዳቸው ፊት በተቀመጥኩ ቁጥር ሁለቱንም አያለሁ።

ገንዳው በሁሉም ጎን 40 ሴንቲ ሜትር ነው። አፉ ድረስ ቢሞላ 64 ሊትር ይይዛል፤ ድንጋዩና አሸዋው የወሰዱት ሲቀነስ ውሃው ከ50 ሊትር እምብዛም አይበልጥም። የፊት ለፊቱ መስታወት ብረት የተቀነሰለት ዓይነት ነው። ተራ መስታወት ውስጥ ያለው ብረት አረንጓዴ ጥላ ይሰጠዋል፤ በኮራል ቀለም ላይ ሲያርፍ ደግሞ ቀለሙን ያደበዝዘዋል። የጎኖቹና የኋላው ግን ተራ መስታወት ናቸው። ገንዘቡን ዓይን በሚያርፍበት በኩል ብቻ ማውጣታቸውን ወድጄላቸዋለሁ።

ትንሽ ገንዳ ከትልቁ ይቀላል የሚል ካለ ይዞ የማያውቅ ሰው ነው። የውቅያኖስ ውሃ በኪሎ 35 ግራም ገደማ ጨው አለው፤ ውሃ ሲተን ጨው አብሮ አይሄድም። ከ500 ሊትር ላይ አንድ ሊትር ቢተን ከቁጥር አይገባም። ከ50 ሊትር ላይ ግን ያው አንድ ሊትር ጨዋማነቱን ከ35 አስነስቶ ወደ 36 ያስጠጋዋል፤ በበርሊን ክረምት፣ ማሞቂያው የቤቱን አየር ሲያደርቀው፣ ይህ የአንድ ሁለት ቀን ጉዳይ ነው። ስለዚህ ከገንዳው ጀርባ ባለች ጠባብ ክፍል ውስጥ ትንሽ የብርሃን መለኪያ ተቀምጣለች። የውሃው ከፍታ ጥቂት ሚሊ ሜትር ዝቅ ሲል ጨው የሌለበት የተጣራ ውሃ ታስጨምራለች። ከፊት ሲታይ የውሃው መስመር ጠዋትም ማታም አንድ ቦታ ነው። በብዙ ቤት የገንዳ አፍ ላይ የሚጋገረው ነጭ የጨው ቅርፊት እዚህ የለም።

ከጨው ቀጥሎ ኖራ ይመጣል። ድንጋያማ ኮራል አጽሙን የሚሠራው ካልሲየምና ካርቦኔት ከውሃው እየወሰደ ነው። የባሕር ውሃ በሊትር ከ400 ሚሊ ግራም ጥቂት የሚያልፍ ካልሲየም አለው፤ ባሕር ውስጥ ይህ አያልቅም፣ 50 ሊትር ውስጥ ግን ኮራሉ ባደገ ቁጥር ጎተራውን ራሱ ያራቁታል። ጎረቤቴ የሚተኩት በኖራ ውሃ ነው፤ ኮራልን በገንዳ በማቆየት ቀደምት የሆነው ፔተር ዊልክንስ እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ ያስፋፋው ዘዴ ነው። ኖራው አገር ቤት ግድግዳ ከሚቀባበት ኖራ የሚለየው በጥራቱ ነው። ውሃው ቆዳ ስለሚያቃጥል ጠብታ በጠብታ ብቻ ይገባል፣ እሱም ሌሊት። ቀን በኮራሉ ሥጋ ውስጥ የሚኖሩት ጥቃቅን አልጌዎች በብርሃን ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይመገባሉ። መብራቱ ሲጠፋ ሁሉም ፍጥረት መተንፈስ ብቻ ስለሚሆን ጋዙ ይከማቻል፣ የውሃው ፒኤች ይወርዳል። ሌሊት የሚወርደው የኖራ ጠብታ አጽም የሚሆነውን ካልሲየም ይዞ ይገባል፣ ፒኤቹንም ደግፎ ያቆየዋል። አንድ ነገር ሁለት ሥራ ሲሠራ ማየት ደስ ይለኛል።

የድንጋዩ ነገር የራሱ ታሪክ አለው። እ.ኤ.አ. በ1961 ሊ ቺን ኤንግ የተባለ የጃካርታ ነዋሪ በአንድ የአሜሪካ መጽሔት ላይ ቀላል ሐሳብ አወጣ፤ ከባሕር የወጣ ድንጋይ ከነተሸከመው ሕይወት ገንዳ ውስጥ ይግባ፣ አየር ይነፋለት፣ ማጣሪያው ድንጋዩ ራሱ ነው የሚል። ቀዳዳማ ድንጋይ ላይ የሚኖሩ ባክቴሪያዎች ከዓሣው ኩስ የሚወጣውን አሞኒያ ወደ ናይትሬት ይለውጣሉ፤ አየር በማይደርስበት ጥልቀት ያሉት ደግሞ ናይትሬቱን ወደ ናይትሮጅን ጋዝ ለውጠው ይለቁታል። የበርሊን ሰዎች በዚህ ላይ ብርቱ መብራትንና ቆሻሻን በአረፋ የሚያወጣ መሣሪያን ጨመሩበት፤ ዘዴው እስከ ዛሬ የበርሊን ዘዴ ይባላል።

ጎረቤቴ ግን ድንጋያቸውን ከባሕር አላስመጡም። ደረቅ፣ ቀዳዳማ የኖራ ድንጋይ ገዝተው፣ ከሌላ ሰው ገንዳ በተገኘ አንድ ቁራጭ ሕያው ድንጋይ ዘር አስያዙት። ውሃ ከመግባቱ በፊት የገንዳውን ወለል ልክ ካርቶን ላይ ሥለው፣ ድንጋዮቹን ሲያዞሩና ሲያገላብጡ ሰነበቱ። ከቆረጧቸው ድንጋዮች ውስጥ በመጋዝ የተነካ አንድም ፊት ወደ ውጪ አልዞረም። ሁለቱ ድንጋዮች ቅስት ሠርተዋል። መሐላቸው ተበስቶ የአክሪሊክ ዘንግ ገብቶበታል፣ ዙሪያው በሲሚንቶ ተደፍኗል፤ ድንጋዩ ራሱ በተሰነጠቀበት በኩል ስለተገጣጠሙ መገናኛውን ያኔም ማግኘት ያስቸግር ነበር። ዛሬማ ሮዝና ሐምራዊ የሆነው ድንጋያማ አልጌ ሁሉንም ሸፍኖታል።

የድንጋዮቹ እግር የቆመው በአሸዋው ላይ ሳይሆን በቀጥታ በመስታወቱ ላይ ነው፤ አሸዋው የተጨመረው ከዚያ በኋላ ነው። ምክንያቱ ከታች የሚኖረው ሽሪምፕ ነው። ይህ ፍጥረት ቀኑን ሙሉ አሸዋ ይምሳል፣ ዓይኑ ደካማ ነው፤ ከጉድጓዱ ሲወጣ አንድ አንቴናውን አብራው በምትኖረው ትንሽ ዓሣ ላይ አሳርፎ ነው። እሷ ዘብ ትቆማለች፣ አደጋ ስታይ ጅራቷን ታርገበግባለች፣ ሁለቱም ይገባሉ። ድንጋይ አሸዋ ላይ ቢቆም ሽሪምፑ ሥሩን ምሶ በራሱ ላይ ይጥለዋል። ሥራው የተጀመረው ገና ያልገባውን ነዋሪ ጠባይ ከማወቅ ነው።

ከሁሉ በላይ ግን የማደንቀው ባዶውን ቦታ ነው። በድንጋዩና በመስታወቱ መካከል በሁሉም በኩል ሦስት ጣት ያህል ክፍተት አለ፤ መጥረጊያው ሳይነካካ ያልፋል፣ ውሃውም ከድንጋዩ ጀርባ ዞሮ ይወጣል፣ ቆሻሻ የሚተኛበት ጥግ የለም። ውሃው መዞሩ የሚታወቀው ከኮራሎቹ ነው። ፓምፖቹ ተሸሽገዋል፤ ኮራሎቹ ግን አንዴ ወደ ግራ አንዴ ወደ ቀኝ ይተኛሉ፣ ወደ አንድ በኩል ብቻ ተጋድሞ የሚቀር የለም። በኮራልና በኮራል መካከልም እንዲሁ ሰፊ ቦታ ተትቷል። ገንዳው አዲስ በነበረ ጊዜ የሚመጣው እንግዳ ሁሉ «መቼ ነው የሚያልቀው?» ይል ነበር። እሳቸው «አልቋል» ብለው ዝም። ኮራል ጎረቤቱን ይዋጋል። መዶሻ የሚሉት ዓይነት ሌሊት ረጃጅም ክሮች ዘርግቶ የደረሰበትን ሁሉ ይነድፋል። ቅርንጫፋሙ አክሮፖራ ደግሞ ወደ ላይ እያደገ ከታቹ ያለውን ብርሃን ይነሳዋል። በመጀመሪያው ቀን ሞልቶ የሚያምር ገንዳ በሁለተኛው ዓመት የጦር ሜዳ ነው። እንዲህ ዓይነቱን ገንዳ በየሱቁ መስኮት አይቻለሁ፤ ያምራል ቢሉኝ አልስማማም።

ኮራልን በቤት የማቆየት ሙከራ ከመጣበቂያ በፊት በመርፌና በክር ተጀምሮ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1846 አና ቲን የተባለች እንግሊዛዊት ከቶርኪ የባሕር ዳርቻ የሰበሰበቻቸውን ድንጋያማ ኮራሎች መንገድ ላይ እንዳይጋጩ ስፖንጅ ላይ ሰፍታ፣ ለንደን አደረሰቻቸው። ውሃው አየር እንዲያገኝ የቤት ሠራተኛዋ ክፍት መስኮት ፊት ቆማ ከዕቃ ወደ ዕቃ ትገለብጠው ነበር። የዛሬው ፓምፕ የሚሠራውን የሠራው የዚያች ስሟ ያልተመዘገበ ሴት ክንድ ነው።

ጎረቤቴ ኮራሉን ድንጋይ ላይ ለማጣበቅ የሚጠቀሙት ሱፐር ግሉ ነው፣ ወፈር ያለውን ዓይነት፤ ውሃ ውስጥ ይይዛል። ከኮራሉ የተቆረጠችውን፣ ጣት የምታህል ቅንጣቢ በቀጭን የጥርስ ሥራ መቆንጠጫ ይዘው፣ እግሯን ድንጋዩ ላይ ካለ የተፈጥሮ ጉድጓድ ውስጥ ያስገቧታል፤ መጣበቂያው ጉድጓዱን ይሞላል እንጂ አይተርፍም። ከጥቂት ሳምንት በኋላ የኮራሉ ሥጋ ከእግሩ ተነስቶ በድንጋዩ ላይ መስፋት ይጀምራል። ያ ቀጭን የሚያድግ ዳር፣ በድድና በጥርስ መካከል እንዳለው መስመር፣ ጤናማ ሲሆን ስፌት የለውም። መጣበቂያ ተርፎ ቢሆን ሥጋው እሱን ሲዞር እብጠት ይሠራ ነበር። አጉሊ መነጽር ይዤ ፈልጌያለሁ፤ አላገኘሁም።

ቅንጣቢዎቹ የመጡት ከከተማው ሌሎች ገንዳዎች ነው። ይህም የበርሊን ልማድ ነው። ዲትሪሽ ሽቱበር በተባለው የበርሊን ሰው ገንዳ ያደገ አክሮፖራ ቅንጣቢው ከእጅ ወደ እጅ እየተላለፈ ባሕር ተሻግሯል፤ ዛሬም በስሙ ይጠራል።

ስለ መብራቱ ጥቂት ልበል። ብዙ ሰው ገንዳውን በሰማያዊ መብራት ያጥለቀልቀዋል፤ የኮራሉ ፕሮቲኖች ሰማያዊውን ብርሃን ተቀብለው አረንጓዴና ቀይ አድርገው ይመልሱታልና። ፕሮቲኖቹ እንደ ዋዛ የሚታዩ አይደሉም። እ.ኤ.አ. በ1999 የሩሲያ ተመራማሪዎች ይፋ ያደረጉት፣ ዛሬ በየላቦራቶሪው ሕዋስን ለማቅለም የሚያገለግለው ቀዩ ፕሮቲን የተገኘው ሞስኮ ውስጥ በገንዳ ይኖር ከነበረ የኮራል ዘመድ ነው። ሆኖም ሰማያዊ ብቻ ሲሆን ሁሉም ነገር ይጮኻል፣ የማንም ቅርጽ አይለይም። ጎረቤቴ ከቀትር በኋላ ነጩን ያበዙታል። ያኔ አክሮፖራው ቡናማ ቢጫ ነው፣ ጫፎቹ ግን ገርጥተዋል፤ በፍጥነት እያደጉ ስለሆነ አልጌው ገና አልደረሰባቸውም። የትኛው ቅርንጫፍ በዚህ ሳምንት እየሠራ እንደሆነ ከዚህ ይነበባል።

በአንዲት ብቻዋን በተቀመጠች ድንጋይ ላይ፣ ዙሪያዋን ራቁት አሸዋ፣ ክሲኒያ አለ። ለስላሳ ኮራል ነው፤ ከተለቀቀ ድንጋዩን ሁሉ ስለሚወርስ ነው ለብቻው የተቀመጠው። እያንዳንዱ ፖሊፕ ስምንት ላባማ ጣቶቹን ይከፍታል፣ ይጨብጣል፣ ቀኑን ሙሉ። የቅርብ ዘመዱን ከቀይ ባሕር መዝግቦ እ.ኤ.አ. በ1834 ያሳተመው የተፈጥሮ ተመራማሪው ኤረንበርግ ነው፤ ባልደረባው ሄምፕሪሽ ከዚያ ዘጠኝ ዓመት ቀደም ብሎ ምጽዋ ላይ በንዳድ ሞቶበት ብቻውን ወደ በርሊን የተመለሰው ሰው። ፍጥረቱ ለምን እንደሚጨብጥ የታወቀው ግን በቅርቡ ነው። እ.ኤ.አ. በ2013 የታተመ የእስራኤል ተመራማሪዎች ጥናት እንቅስቃሴው በሥጋው ዙሪያ የሚከማቸውን ኦክስጅን ጠርጎ አልጌዎቹ በደንብ እንዲሠሩ እንደሚያደርግ አሳይቷል። ጎረቤቴ ፓምፑን ከዚች ድንጋይ ያራቁበት ምክንያት ይህ ይሁን ብዬ ጠየቅኳቸው። የለም፣ ኃይለኛ ውሃ ሲመታው መጨበጡን ስለማላይ ነው አሉኝ።

በዚህ ወር መዶሻው ኮራል ሞንቲፖራ ከተባለው ሌላ ኮራል ሁለት ጣት ያህል ርቀት ላይ ደርሷል፤ ሌሊት ክሩ ሊነካው ነው። አንዱ መነሳት አለበት። መዶሻው ቅስቱ ላይ ሥር ሰድዷል፣ ቢነቀል ድንጋዩ አብሮ ይሰበራል። ሞንቲፖራው ያለበት ሦስተኛው ድንጋይ ደግሞ ከቅስቱ ጋር የተጋጠመ ነው፤ እኔም እንደ ሌሎቹ በሲሚንቶ የተያዘ ነው ብዬ ነበር የማምነው። ጎረቤቴ እጅጌያቸውን ሰብስበው እጃቸውን አስገቡ፣ ድንጋዩን ይዘው ወደ ራሳቸው ሳብ አደረጉት። ከነዘንጉ ወጣ። ሲሚንቶ አልነካውም፤ የቅስቱ ቀዳዳ ከመጀመሪያው ትንሽ ሰፋ ተደርጎ ተበስቷል። ከአሸዋው በላይ በግራ በኩል ደግሞ አልጌ የሸፈነው፣ በዚያው ስፋት የተበሳ ሌላ ቀዳዳ ነበር። አልጌውን በጥርስ መፋቂያ ጠርገው ዘንጉን እዚያ አስገቡት።