ስታርባክ፣ ተነሣ ወይስ ተነሺ? የ«ባትልስታር ጋላክቲካ» ዳግም ዝግጅትና የተመልካቹ ቅሬታ ሰዋስዋዊ መሠረት

«ባትልስታር ጋላክቲካ» የተባለው ሳይንሳዊ ልብ ወለድ ድራማ እ.ኤ.አ. በ1978 በኤ.ቢ.ሲ. ቴሌቪዥን ተጀምሮ ከአንድ ምዕራፍ በኋላ ተቋርጦ ነበር። ከሃያ አምስት ዓመት በኋላ፣ በዲሴምበር 2003፣ በሳይ ፋይ ቻናል በአዲስ መልክ ሲቀርብ ከነባሩ ተመልካች የገጠመው ተቃውሞ ብዙ ተብሎበታል። ተቃውሞው በተለምዶ የሚተረጐመው በሁለት መንገድ ነው፤ አንዱ ለልጅነት ትዝታ መቈርቈር ነው ይላል፤ ሌላው ሴት ተዋጊን ለማየት አለመፍቀድ ነው ይላል። ሁለቱም ሐሰት አይደሉም። ይሁን እንጂ ሁለቱም የተመልካቹን ስሜት ሲያስሱ የተናገረበትን ቃል ይዘሉታል። የዚህ ጽሑፍ ክርክር ከቅሬታው ቀላል የማይባለው ክፍል ያረፈው በስም፣ በጥሪ ቃልና በተውላጠ ስም ላይ ነው የሚል ነው። ይህ እውነት ከሆነ፣ ድራማው ወደ አካባቢያችን ቋንቋዎች ቢተረጐም ቅሬታው ባለበት አይቈይም፤ ቦታ ይለውጣል። ካና ቴሌቪዥን ከ2016 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የውጭ ድራማዎችን በአማርኛ ድምፅ ተክቶ ሲያቀርብ ለኖረበት አገር ይህ ባዶ ግምት አይደለም።

ከስም እንጀምር። የነባሩ ድራማ ፈጣሪ ግሌን ኤ. ላርሰን አብራሪዎቹን አፖሎ፣ ስታርባክ፣ ቡመር ብሎ ሰይሟቸው ነበር። በ1978ቱ ዝግጅት እነዚህ የተጸውዖ ስሞች ናቸው፤ ሰውዬው አፖሎ ነው፣ ሌላ ስም የለውም። አዲሱን ዝግጅት የመሩት ሮናልድ ዲ. ሙርና ዴቪድ ኢክ ስሞቹን አላጠፏቸውም፤ ማዕርጋቸውን ግን ዝቅ አደረጉት። አፖሎ ሊ አዳማ ሆነ፤ ስታርባክ ካራ ትሬስ፣ ቡመር ሻረን ቫለሪ ተባሉ። (አዳማ የሚለው የአዛዡ ስም ለእኛ አንባቢ አስቀድሞ የሚያስታውሰው ከተማዋን መሆኑ ሌላ ጉዳይ ነው።) የጥንቶቹ ስሞች አብራሪዎች በሬዲዮ የሚጠራሩባቸው የበረራ መጠሪያዎች ብቻ ሆነው ቀሩ። ስታርባክና ቡመር ወንዶች ነበሩ፤ አሁን ሴቶች ናቸው።

በ1978ቱ ዝግጅት ስታርባክን የተጫወተው ዲርክ ቤኔዲክት በ2004 እ.ኤ.አ. ባወጣው ጽሑፍ ይህን ለውጥ ወንድነትን እንደ መስለብ ቈጠረው። ጽሑፉ መራራ ነው፤ ስለ ሴቶች የሚለውም ዛሬ ሲነበብ ያሳፍራል። ነገር ግን አንድ ነገር በትክክል ሰምቷል። ለእርሱና እንደ እርሱ ለተሰማቸው ተመልካቾች ስታርባክ የአንድ ሰው ስም ነው፤ ሰውየው ከሌለ ስሙም ባለቤት የለውም። ለሙር ግን ስታርባክ አንዱ ሲነሣ ሌላው የሚቀመጥበት ወንበር ነው። ክርክሩ ስለ ጾታ ከመሆኑ በፊት ስም ምን እንደሚያመለክት ነው። የሚገርመው፣ ስሙ ራሱ ከዚያ በፊት ባለቤት ለውጦ ነበር፤ ስታርባክ በኸርማን መልቪል ልብ ወለድ ውስጥ የዓሣ ነባሪ አዳኙ መርከብ ምክትል አዛዥ ነው። በ1978 ስሙ ወደ ሕዋ ሲሻገር ስለ ባለቤትነቱ እንደ 2003ቱ ያለ ክርክር አልተነሣም።

አማርኛ ለዚህ ዓይነቱ መጠሪያ የቈየ ሥርዓት አለው፤ የፈረስ ስም። ዐፄ ቴዎድሮስ አባ ታጠቅ፣ ዐፄ ምኒልክ አባ ዳኘው ይባሉ እንደ ነበር ሁሉ፣ በጦር ሜዳ የሚጠራው ስም ከተጸውዖው ስም ጐን ራሱን ችሎ ይኖራል። ሙር ያደረገው ይኸው ነው፤ የተጸውዖ ስምን ወደ ፈረስ ስም አዛወረ። ተርጓሚው በዚህ መንገድ ቢሄድ ግን ወዲያው እንቅፋት ያገኘዋል፤ የፈረስ ስም በ«አባ» ይጀምራል፤ ካራ ትሬስ ደግሞ «አባ» ልትባል አትችልም። በእንግሊዝኛው ተሰውሮ ያለፈው ጥያቄ በእኛ ዘንድ በመጀመሪያው ቃል ላይ ይነሣል።

ስለ አፖሎ ስም ድራማው ራሱ አንድ ጨዋታ ይጫወታል። የመጀመሪያው አፖሎ ተዋናይ ሪቻርድ ሃች ታሪኩ ከቈመበት እንዲቀጥል ለዓመታት የታገለና በራሱ ወጪ ማሳያ ፊልም እስከ ማዘጋጀት የደረሰ ሰው ነበር። በኋላ በአዲሱ ድራማ ቶም ዛሬክ የተባለውን የፖለቲካ እስረኛ ሆኖ ተጫወተ። ዛሬክ ከወጣቱ አፖሎ ጋር ሲገናኝ መጀመሪያ የሚያነሣው ስሙን ነው፤ አፖሎ የአምላክ ስም መሆኑን ያስታውሰዋል፤ ወጣቱም ተራ ቅጽል ስም ነው ብሎ ያቃልልበታል። የቀድሞው የስሙ ባለቤት ተተኪውን ስለ ስሙ ሲጠይቀው ያየ ተመልካች የራሱን ቅሬታ በመድረኩ ላይ አየው። ከዳግም ዝግጅቱ ለተመልካቹ የተሰጠ ከዚህ የተሻለ መልስ አላውቅም።

ወደ ጥሪ ቃል ስንመጣ ነገሩ ይጠነክራል። በአዲሱ ድራማ የጦር መኰንኖች ወንዱም ሴቷም «ሰር» ተብለው ይጠራሉ። አድሚራል ኬን ሴት ናት፤ የበታቾቿ «ሰር» ይሏታል። በአንጻሩ ፕሬዚዳንቷ ሎራ ሮዝሊን «ማዳም ፕሬዚዳንት» ናት። ሠራዊቱ ጾታን ከጥሪው ፍቆታል፤ የሲቪሉ ሥልጣን ግን አልፋቀውም። ይህ አለመስማማት የጸሐፊዎቹ ዝንጋዔ አይመስለኝም፤ ይሁን እንጂ ግማሽ መንገድ ሄዶ መቆም ነው። ያም ሆኖ በእንግሊዝኛው ሁለተኛ መደብ ጾታ ስለማይለይ፣ ስታርባክ ከአዛዦቿ የምትሰማው ትእዛዝ የ1978ቱ ስታርባክ ሊሰማው ከሚችለው ጋር በመልኩ አንድ ነው። ጾታዋ በሰዋስው የሚገለጠው በሦስተኛው መደብ፣ ስለ እሷ ሲወራ ብቻ ነው። ቅር ያለው ተመልካች ለውጡን በዓይኑ አየ እንጂ በትእዛዙ ውስጥ አልሰማውም።

አማርኛ ይህን ዕድል አይሰጥም። «ተነሺ» ወይም «ተነሣ» ማለት ግድ ነው። ወንድን በ«አንቺ»፣ ሴትን በ«አንተ» መጥራት በቋንቋችን አለ፤ ግን ወይ ስድብ ነው፣ ወይ የጓደኛ ጨዋታ። ሠራዊቱ ሴቶቹን ሁሉ «አንተ» ቢል ጾታን መፋቁ ቀርቶ ጾታን ማላገጫ ያደርገዋል። መውጫው «እርስዎ» ነው፤ በአክብሮት መልክ ግሡ የብዙ ቁጥርን መልክ ስለሚይዝ ጾታ ይጠፋል። ነገር ግን አለቃ የበታቹን «እርስዎ» የሚልበት ጦር ሌላ ጦር ነው፤ የአብራሪዎቹ መቀላለድ፣ የቁማር ጠረጴዛው፣ የአዳማና የስታርባክ የአባትና የልጅ ያህል ቅርበት ይቀዘቅዛል። ትግርኛ ይህንንም መውጫ ይዘጋዋል፤ በአክብሮት መልኩ እንኳ «ንስኹም»ን ከ«ንስኽን» ይለያልና። ኦሮምኛና ሶማልኛ ግን በሁለተኛው መደብ ነጠላ ቁጥር ጾታ ስለማይለዩ፣ የእንግሊዝኛውን ውጤት ያለ ድካም ያገኛሉ፤ የሚለዩት እንደ እንግሊዝኛው በሦስተኛው መደብ ነው። ስለዚህ ተመልካች ሴቲቱን ስታርባክ እንዴት ተቀበላት ብለን ስንጠይቅ፣ በየትኛው ቋንቋ የሰማ ተመልካች የሚለው ጥያቄ ይቀድማል። በእንግሊዝኛ የተዘጋጀን መጠይቅ ወደ አማርኛ ገልብጦ መጠየቅ ገና ከመነሻው ሌላ ድራማ ስለ ተመለከተ ሰው መጠየቅ ነው።

ስለ ስድቡ ቃል ብዙ መናገር አያስፈልግም። «ፍራክ» በ1978ቱ ዝግጅትም ነበር፤ አዲሶቹ አዘጋጆች በላቲን አጻጻፉ አንድ ፊደል ቀንሰው አራት ፊደል ያለው አደረጉት፤ እንግሊዝኛ ተናጋሪ ጸያፍ ቃሎችን «ባለ አራት ፊደል» ይላቸዋልና። በእኛ ፊደል ስንጽፈው ቀልዱ ይጠፋል። ቃሉ ከድራማው ወጥቶ በተመልካቹ አፍ ገባ፤ ትርጉሙን ሁሉም ያውቃል፤ ሳንሱር ግን አይነካውም። በሲዳማና በከምባታ ያገቡ ሴቶች የአማታቸውን ስም ድምፅ ላለመጥራት የሚጠቀሙበትን የመተኪያ ቃላት ያጠና ሰው፣ ተተኪው ቃል የዋናውን ኃይል ምን ያህል እንደሚወርስ ያውቀዋል፤ እዚያ መነሻው አክብሮት ነው፣ እዚህ ስድብ። ነባሩ ድራማ ለዓመትና ለደቂቃ ሳይቀር የፈጠራ ቃል ነበረው፤ አዲሱ እነዚያን ጥሎ ስድቡን ብቻ ማስቀረቱ የሙርን ዓላማ ያሳያል። ከባቢው ሁሉ የለመድነው እንዲሆን፣ ባዕድነቱ በቁጣ ጊዜ ብቻ እንዲሰማ ፈልጓል።

ትልቁ ጉዳይ ሳይሎኖቹ ናቸው። በ1978ቱ ታሪክ ሳይሎኖች የሌላ ፍጡር ሥሪት የሆኑ ባለ ብረት ወታደሮች ናቸው፤ በአዲሱ የሰው ልጅ ሥራ ሆኑ፤ አንዳንዶቹም ከሰው የማይለዩ ሥጋ ለባሾች ናቸው። የመርከቧ ሰዎች ሰው መሰሉን ሳይሎን አንዴ «ኢት»፣ አንዴ «ሺ» ወይም «ሂ» ይሉታል፤ ለነገር የሚሆነው ተውላጠ ስምና ለሰው የሚሆነው እየተፈራረቁ። በሴፕቴምበር 2005 በተላለፈው «ፔጋሰስ» በተባለው ክፍል፣ በአድሚራል ኬን መርከብ የታሰረችው ሳይሎን ተደብድባና ተደፍራ ወለል ላይ ተጥላ ትታያለች፤ አሳሪዎቿም እንደ ዕቃ ይናገሩላታል። የአቡ ግሬብ እስር ቤት ሥዕሎች ከወጡ ገና አንድ ዓመት ከመንፈቅ አልሞላም ነበር። ተመልካቹን ያስጨነቀው የማሠቃየቱ ትዕይንት ብቻ አልነበረም፤ ተውላጠ ስሙ ድርጊቱን እንዴት እንደሚፈቅድ መስማቱም ጭምር እንጂ። «ኢት» ያለ ሰው ስድብ አልተናገረም፤ ሰዋስው ብቻ ተጠቅሟል። ጭካኔው የተደበቀው እዚያ ነው።

አንባቢ አስተውሎ ከሆነ፣ ከላይ «የታሰረችው»፣ «ተደብድባ»፣ «አሳሪዎቿ» ብያለሁ። ሌላ ምርጫ አልነበረኝም ማለት ይቻላል። አማርኛ ለግዑዝ ነገር የተለየ ጾታ የለውም፤ ግዑዙ በተለመደው መልኩ ተባዕት ነው፤ ለማቈላመጥና ለማሳነስ ደግሞ አንስታይ ይሆናል። የሴት መልክ ያላትን ሳይሎን «እሱ» ብንላት «ነገር ነው» ማለታችን ይሁን «ወንድ ነው» ማለታችን አይለይም። «ይህ ዕቃ»፣ «ይህ ነገር» ማለት እንችላለን፤ ያ ግን በግልጽ የተመረጠ ስድብ ነው፤ ተናጋሪው ይጠየቅበታል። የእንግሊዝኛው ወታደር ሳያስበው የሚሠራውን ኃጢአት የአማርኛው ወታደር አስቦ መሥራት ይኖርበታል። በትርጉም የሚጠፋው ይህ ነው፤ የሚጠፋውም የድራማው የሞራል ጥያቄ አከርካሪ ነው።

ስዋሂሊ ሌላ መንገድ አለው። ጾታን አይለይም፤ ሕይወት ያለውን ከሌለው ግን በስም ክፍል ስምምነት ይለያል። ሰውና እንስሳ በ«አ-» ይስማማሉ፤ ነገሮች በ«ኢ-»፣ በ«ኪ-» እና በሌሎች። ሰውን በ«ኪ-» ማሳነስም ለንቀት ይውላል። የስታርባክን ጾታ የማይሰማው የስዋሂሊ ተመልካች የእስረኛዋን ከሰውነት መውረድ በእያንዳንዱ ግሥ ላይ ሊሰማው ይችላል፤ የአማርኛው ተመልካች ደግሞ ተቃራኒውን። አንዱ ድራማ በናይሮቢና በአዲስ አበባ ሁለት የተለያዩ ክርክሮችን ያስነሣል ማለት ነው።

በመጋቢት 2009 እ.ኤ.አ.፣ ድራማው ሊያበቃ ጥቂት ቀናት ሲቀሩት፣ ተዋናዮቹ በኒው ዮርክ በተባበሩት መንግሥታት ዋና መሥሪያ ቤት በተካሄደ ውይይት ላይ ተገኙ። አዳማን የተጫወተው ኤድዋርድ ጄምስ ኦልሞስ «ዘር» የሚለው ቃል ለሰው ልጅ መከፋፈያ መዋሉን አጥብቆ ነቀፈ፤ ንግግሩንም በድራማው የጋራ ምላሽ፣ ሁላችንም እንዲሁ እንላለን በሚለው፣ ሲዘጋ ታዳሚው ተቀበለው። በ2003ቱ ዝግጅት መጨረሻ አዳማ ሙታን ሲቀበሩ ይህንኑ ሲል ምላሹ ደክሞ ይጀምራል፤ እየደጋገመ ድምፁን ያስነሣዋል። መራቂ «አሜን»ን ከዳር ዳር እስኪሰማ እንደሚጠብቀው ነው። የተዋንያን ቃል በእውነተኛ ጉባኤ ውስጥ እውነተኛ ምላሽ ሲያገኝ፣ የተመልካች ምላሽ የሚባለውን ነገር በወደዱትና በጠሉት ቍጥር ብቻ መለካት ምን እንደሚያመልጠው ይታያል።

የመጨረሻው ክፍል በዚያው ወር ሲተላለፍ ተመልካቹ እንደገና ተከፈለ። ደራሲው ጆርጅ አር. አር. ማርቲን ለምሥጢሩ ሁሉ የተሰጠው መልስ «እግዚአብሔር አደረገው» የሚል ነው ብሎ ነቅፏል፤ ብዙዎችም አብረውት አዘኑ። እኔ ግን ነቃፊዎቹ የመጨረሻውን ተውላጠ ስም በቂ ትኩረት የሰጡት አይመስለኝም። ከ150,000 ዓመት በኋላ በዛሬዪቱ ኒው ዮርክ ሁለቱ መልእክተኞች ሲነጋገሩ ሴቲቱ የእግዚአብሔርን ዕቅድ ትጠቅሳለች፤ ወንዱም ያን ስም እንደማይወደው ያሳስባታል፤ ስለ አምላኩ ሲናገር ግን «ኢት» ይላል። በአራት ምዕራፎች ሙሉ ሰውን ከሰውነት ሲያወርድ የኖረው ቃል ከሰው በላይ ላለው ሆነ። አማርኛ እግዚአብሔርን «አንተ»ና «እሱ» እንጂ «እርስዎ» አይልም፤ ስለዚህ «ያን ስም አይወደውም» ብለን ስንተረጕም ማንም ምንም አይሰማውም። የስዋሂሊው ተርጓሚ ግን «ሀፔንዲ» እና «ሀይፔንዲ» በሚሉት መካከል መምረጥ አለበት፤ የመጀመሪያው ሕያው ነው፣ ሁለተኛው ነገር። ለማመንታት ምክንያት አለው፤ «ሙንጉ» የሚለው የአምላክ ስም ብዙ ቍጥሩ «ሚዩንጉ» ነው፤ በቅርጹ ከ«ሚቲ»፣ ከዛፎች፣ ጋር ይሰለፋል፤ ግሡ ሲመጣ ግን ከሕያዋን ጋር ይስማማል።