አበበን ኰተተ ያደረገው ትእዛዝ

የስም ዝርዝር ማመሳሰል ብዙ ጊዜ እጄ የሚገባ ሥራ ነው። አንዲት ሴት በአንዱ ዝርዝር በንጉሡ ሠ «ሠናይት»፣ በሌላው በእሳቱ ሰ «ሰናይት» ተብላ ትመጣለች። ለጆሮ አንድ ናት፤ ለኮምፒዩተር ሁለት። ሼል ከፍቼ፣ ቲአር በምትባለው ትእዛዝ ሠን ሁሉ ወደ ሰ ለወጥኩ። ማክ ላፕቶፔ ላይ ሞከርኩት፤ እንከን የለውም። ያንኑ መስመር ሊኑክስ ሰርቨሩ ላይ አስኬድኩና ቤቴ ገባሁ።

በማግስቱ መዝገቡን የምትይዘው ባልደረባዬ ደወለች። «ኰተተ የሚባል ስም ታውቃለህ? ገጹን ሞልቶታል።»

ፋይሉን ስከፍት አበበ ሁሉ ኰተተ ሆኗል። በቀለ ተቀለ፣ ጠንክር ጰንክር። ሠናይት ግን እንዳዘዝኩት ሰናይት ሆና ተቀምጣለች። ስህተት አለ የሚል አንድ መልእክት እንኳ አልወጣም።

ምክንያቱ የሚታየው ፊደሉ በቁጥር ሲነበብ ነው። ፊደላችን እ.ኤ.አ. በ1999 ዩኒኮድ ውስጥ ገብቷል፤ በዩቲኤፍ-8 ሲጻፍ እያንዳንዱ ሦስት ባይት ይይዛል። ሠ 225፣ 136፣ 160 ነው፤ ሰ ደግሞ 225፣ 136፣ 176። የሚለያዩት በመጨረሻው ባይት ብቻ ነው። የሊኑክሱ ቲአር የሚቆጥረው ባይት እንጂ ፊደል አይደለም፤ ስለዚህ ፋይሉ ውስጥ ያገኘውን 160 ሁሉ 176 አደረገው። «በ» 225፣ 137፣ 160 ነበር፤ «ተ» ሆነ። አ ወደ ኰ፣ ጠ ወደ ጰ ሄዱ። የማኩ ቲአር ፊደልን እንደ ፊደል ስለሚያይ ሙከራዬ ምንም አላሳየኝም።

ልመልሰው ብል መንገድ የለም። 176ን ወደ 160 ብገለብጥ ድሮም ተስፋዬ የነበረው «በስፋዬ» ይሆናል። የትኛው «ተ» ከ«በ» እንደመጣ፣ የትኛው የራሱ እንደሆነ ፋይሉ ላይ ምልክት የለም።

ሰድ በተባለው ትእዛዝ ብተካ ኖሮ ይህ አይደርስም ነበር። ሰድ ሦስቱን ባይቶች በተርታ ፈልጎ ሲያገኝ ብቻ ይተካል። ኬን ቶምፕሰንና ሮብ ፓይክ እ.ኤ.አ. በ1992 ዩቲኤፍ-8ን ሲነድፉ ፊደል የሚጀምር ባይት ከሚከተሉት ጋር እንዳይምታታ አድርገው ስለሠሩት፣ ፍለጋው ከአንዱ ፊደል መሃል ተነስቶ ሌላው ላይ አያርፍም። እንዲህ ያለውን ጥንቃቄ ሳይ ደስ ይለኛል፤ አማርኛ የማይጽፉ ሰዎች ሥራ ነው፤ ግን እኛንም ያገለግላል።

ስም በቀጥታ ተርሚናል ላይ ሲጻፍም ተመሳሳይ ወጥመድ አለ። ተርሚናሉ ዩቲኤፍ-8 እንደሚቀበል ካልተነገረው፣ አንድ ፊደል ለማጥፋት ቁልፉን ስትጫን የሚጠፋው አንድ ባይት ነው። ስክሪኑ ላይ ፊደሉ የለም፤ ሁለቱ ባይቶች ግን ከስሙ ጋር ተቀምጠዋል።

የተበላሸውን ዝርዝር ከወረቀት ፎርሞች እያየን እንደገና መዘገብነው፤ ባልደረባዬ ታነባለች፣ እኔ እጽፋለሁ። አንዱ ፎርም ላይ ስትደርስ ዝም አለችና ወረቀቱን አቀበለችኝ። መጀመሪያ «ሰናይት» ተብሎ ተጽፏል፤ እሳቱ ሰ በእስክሪብቶ ተሰርዞ ከላዩ ንጉሡ ሠ ሰፍሯል። ሠናይ በግዕዝ መልካም ማለት ነው፣ የሚጻፈውም በሠ ነው፤ የስሙ ባለቤት ታውቀዋለች። አሁን ሰው የጻፈውን ስም አልነካም። አጠገቡ ለፍለጋ ብቻ የሚሆን ሌላ ዓምድ አለ፤ ሠን ሰ የማደርገው እዚያ ነው።